ከኢትዮጵያ ሆነው ለውጭ ኤምቢኤ (የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ) ሲያመለክቱ፦ የመግባት ዕድልዎን አስቀድመው የሚመዝኑበት አካሄድ

«በዚህ ጂፒኤ እገባለሁ?» የሚለው ጥያቄ ሁለት ጉዳዮችን ቀላቅሎ ይዟል። አንደኛው ትምህርት ቤቱ ይቀበለኛል ወይ የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከተቀበለኝ በኋላ ገንዘቡና ቪዛው ተሟልቶልኝ ክፍል እገባለሁ ወይ ነው። ቦስተን ውስጥ ለሚኖር አመልካች ሁለቱ ብዙም አይራራቁም። ከአዲስ አበባ፣ ከሐዋሳ ወይም ከባሕር ዳር ለሚያመለክት ሰው ግን በጣም ይራራቃሉ፤ የመግቢያ ደብዳቤውን ይዞ የሚቀር ሰው አለ። ስለዚህ ሁለቱን ለየብቻ ያስሉ። አንድ የኤክሴል ገጽ፣ ፓስፖርትዎና የስቱደንት ኮፒዎ ካለ ለመጀመር በቂ ነው።

ደረጃ 1፦ ስምና ቀን ይስተካከል

ይህ ከዕድል ጋር የማይገናኝ ይመስላል። ነገር ግን ጥሩ ማመልከቻ ሳይነበብ የሚሰናከለው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የአያትን ስም በቤተሰብ ስም ቦታ፣ የራስንና የአባትን ስም ደግሞ አንድ ላይ ያስቀምጣል። የፈተና ምዝገባውንም የትምህርት ቤቱን ፎርምም ልክ በፓስፖርቱ አጻጻፍ ይሙሉ። በፓስፖርቱ ላይ «ጸ» በሁለት የላቲን ፊደል ተጽፎ በዲግሪው ላይ በአንድ ፊደል ከሆነ፣ ወይም «ወልደ» በአንዱ ተቀጥሎ በሌላው ተለያይቶ ከተጻፈ፣ ልዩነቱን የሚያስረዳ ደብዳቤ ከሬጅስትራር አስቀድመው ያውጡ። ለጂማት (ለኤምቢኤ መግቢያ የሚጠየቀው ፈተና) የተመዘገቡበት ስም ከፓስፖርቱ ካልገጠመ ፈተናው ላይ አይቀመጡም፤ የከፈሉትም አይመለስም።

ዘመኑንም ይቀይሩ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ላለው ጊዜ 7 ዓመት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ላለው 8 ዓመት ይደምሩ። ሐምሌ 2012 የተመረቀ ሰው በእነሱ አቆጣጠር የ2020 ምሩቅ ነው። ሲቪው ላይ 2012 ብሎ የጻፈ ሰው ስምንት ዓመት ተጨማሪ ልምድ ያለው ይመስላል፤ አንባቢውም የሥራ ዘመኑ ለምን ከዕድሜው ጋር እንደማይገጥም ግራ ይገባዋል።

ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከተመረቁ የኮስት ሼሪንግ ዕዳዎን ይጠይቁ። ዕዳው ካልተከፈለ ኦሪጅናል ዲግሪውና ኦፊሴላዊ ትራንስክሪፕቱ አይለቀቅም። ለማመልከቻው ብዙ ትምህርት ቤቶች የስቱደንት ኮፒ ስካን ይበቃቸዋል፤ ኦፊሴላዊውን የሚጠይቁት ከተቀበሉ በኋላ ነው። ያኔ የሚሯሯጥ ሰው ጊዜ ያጥረዋል። ሬጅስትራር ከሄዱ አይቀር ትምህርቱ የተሰጠው በእንግሊዝኛ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤም አብረው ይጠይቁ። በዚያ ደብዳቤ የቶፍል ወይም የአይኤልትስ የእንግሊዝኛ ፈተናን የሚያስቀሩ ትምህርት ቤቶች ብዙ ናቸው።

ደረጃ 2፦ ክላስ ፕሮፋይሉን ሳይታለሉ ያንብቡ

እያንዳንዱ ትምህርት ቤት በየዓመቱ የገባውን ክፍል ገጽታ በድረ ገጹ ያወጣል። ከዚያ ላይ አምስት ነገሮችን ወደ ኤክሴሉ ያስገቡ፦ የፈተና ውጤት መካከለኛ፣ የመካከለኛው 80 በመቶ ክልል (ከላይና ከታች አስር አስር በመቶው ሲወጣ የቀረው)፣ አማካይ የሥራ ዘመን፣ የውጭ ተማሪ ድርሻ፣ ክፍሉ የመጣበት የሙያ ዘርፍ።

ከአማካዩ ይልቅ 80 በመቶው ክልል ይጠቅማል። ውጤትዎ ከክልሉ በታች ከሆነ ከእርስዎ በታች የገቡት ከአስር አንድ ያህል ብቻ ናቸው ማለት ነው፤ እነሱም ሌላ ከባድ ነገር ይዘው የገቡ ናቸው። ክልሉ ውስጥ ካሉ ግን ውጤቱን ከዚያ በላይ ለማሳደግ የሚጠፋው ሦስት ወር ብዙ ጊዜ ለሌላ የማመልከቻው ክፍል ቢውል ይሻላል።

የውጭ ተማሪ ድርሻ አሳሳች ነው። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ግሪን ካርድ ያላቸውንና ጥምር ዜግነት ያላቸውን ጭምር በዚህ ይቆጥራሉ። «ከአፍሪካ» የሚለው ድርሻም አብዛኛውን ጊዜ ናይጄሪያን፣ ኬንያንና ደቡብ አፍሪካን አንድ ላይ ጠቅልሎ ነው። ኢትዮጵያዊ መሆን ለክፍሉ ስብጥር ይጠቅም ይሆናል፤ ኮታ ግን የለም። እዚህ ላይ ተስፋ የሚያደርግ ሰው ይሳሳታል።

የሥራ ዘመንን በተመለከተ፣ በአሜሪካ የሁለት ዓመት ፕሮግራሞች አማካዩ 5 ዓመት አካባቢ ነው፤ በአውሮፓ የአንድ ዓመት ፕሮግራሞች ትንሽ ከፍ ይላል። ከሁለት ዓመት በታች ልምድ ያለው ሰው ለመደበኛው ኤምቢኤ ዕድሉ ጠባብ ነው። ገና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ከሆኑ እንደ ሃርቫርድ 2+2 ያሉ አሁን ተቀብለው ከሥራ በኋላ የሚያስገቡ ፕሮግራሞች አሉ። ትኩስ ምሩቅ ከሆኑ ደግሞ የማኔጅመንት ማስተርስ ይመልከቱ።

ደረጃ 3፦ ጂፒኤ

አይቀይሩት። ከ4 የተሰጠውን ከ4 ብለው ይሙሉ፤ ውጤትን ለማሳመር በራስ ቀመር መለወጥ ኋላ ሰነድ ሲጣራ ያስይዛል። የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ነጥብ ጥብቅ መሆኑን አንባቢው ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ 3.2 ይዘው ከ60 ተማሪ ስድስተኛ ከሆኑ ደረጃዎን የሚገልጽ ደብዳቤ ከዲፓርትመንቱ ያውጡ። ከ3 በታች ከሆነ ደግሞ በየሴሚስተሩ ይዩት። መጀመሪያ ላይ ዝቅ ብሎ ኋላ ያደገ ጂፒኤ በሁለት ዓረፍተ ነገር ማብራሪያና በጥሩ የሒሳብ ውጤት ይካካሳል። በሒሳብ፣ በስታቲስቲክስና በአካውንቲንግ ሲ የተደረደረበት ግን የፈተናውን የሒሳብ ክፍል ወሳኝ ያደርገዋል።

ደረጃ 4፦ ፈተናው

የድሮው ጂማት በጥር 2024 መጨረሻ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ቆሟል። አሁን ያለው ከ205 እስከ 805 ይሰጣል፤ ሁሉም ውጤት በ5 ያበቃል። ሦስት ክፍሎች አሉት፦ 21 የሒሳብ፣ 23 የንባብና 20 የዳታ ጥያቄዎች፣ እያንዳንዳቸው 45 ደቂቃ። ካልኩሌተር የሚፈቀደው በዳታው ክፍል ብቻ ነው።

«ያለ 700 አይሞከርም» የሚል ምክር ከሰሙ መካሪው ስለ ድሮው ሚዛን እያወራ ነው። የድሮው 700 በአሁኑ 645 አካባቢ ነው። ይህን ባለማወቅ 655 ይዘው «አልሞላልኝም» ብለው አንድ ዓመት የሚያባክኑ አሉ።

የት እንዳሉ ለማወቅ ከአዘጋጁ ድረ ገጽ የሚገኙትን ሁለት ነፃ የሙከራ ፈተናዎች ይጠቀሙ። አንዱን ዝግጅት ሳይጀምሩ፣ ሌላውን ከመፈተንዎ ሁለት ሳምንት በፊት፣ ስልክ ዘግተው በትክክለኛው ሰዓት ይውሰዱ። ጥያቄ ሳይመልሱ ሰዓት ማለቅ ቅጣት አለው፤ እንዲሁ ገምቶ መጨረስ ይሻላል። ኢንጂነሪንግ የተማረ ሰው በአብዛኛው ሒሳቡን ተማምኖ ንባቡን ይተወዋል፣ ውጤቱም እዚያው ይወድቃል።

ሌላው የመግቢያ ፈተና ጂአርኢ አሁን ከሁለት ሰዓት በታች ሆኗል፤ አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ሁለቱንም እኩል ይቀበላሉ። አንዱን ይምረጡ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ማጥናት ጉልበት መበተን ነው። ሁለቱም ለ5 ዓመት ያገለግላሉ። ቶፍልና አይኤልትስ ግን ለ2 ዓመት ብቻ ስለሆኑ፣ የሚያስፈልጉዎት ከሆነ መጨረሻ ላይ ይፈተኑ።

ክፍያው በዶላር፣ በዓለም አቀፍ ካርድ ነው። ካርድ ከሌለዎት ውጭ ያለ ዘመድ እንዲከፍል ያድርጉ፤ አካውንቱ ግን በራስዎ ስምና ኢሜይል ይከፈት። ቤት ሆኖ በኦንላይን መፈተን ይቻላል፤ ሆኖም መብራት ወይም ኔት ከተቋረጠ ፈተናው ሊሰረዝ ይችላል። የፈተና ጣቢያ የሚደርሱበት ከሆነ ጣቢያው ይሻላል።

ደረጃ 5፦ ሥራዎ ለውጭ አንባቢ ይታያል?

ከኢትዮጵያ የሚላኩ ማመልከቻዎችን የሚጥለው በብዛት ነጥብ ሳይሆን ይህ ነው። አንባቢው መሥሪያ ቤትዎን አያውቀውም። በአገር ውስጥ ስሙ ብቻ የሚያስከብር ባንክ ለእሱ ባዶ ስም ነው። ስለዚህ ከድርጅቱ ስም ቀጥሎ በአንድ መስመር መጠኑን ይግለጹ፦ ስንት ቅርንጫፍ፣ ስንት ሠራተኛ፣ በዘርፉ ስንተኛ።

ከዚያ የራስዎን ሥራ ይዘርዝሩ። የተለመደው አጻጻፍ ይህን ይመስላል፦ «የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ፣ የተቀማጭ ማሰባሰብና የብድር ክትትል ሥራዎችን በአግባቡ አከናውኗል»። ይህ የሥራ መደብ መግለጫ ነው እንጂ የእርስዎ ሥራ አይደለም። በምሳሌ ብናስተካክለው፦ «14 ሠራተኞች መርቷል፤ የተበላሸ ብድርን በ18 ወር ከ9 በመቶ ወደ 4 በመቶ አውርዷል፤ ለዚህም ከነጋዴዎች ጋር በየሳምንቱ የመክፈያ ውል አድሷል»። ቁጥሩ ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ፣ በስንት ጊዜ፣ እርስዎ ራስዎ ምን እንዳደረጉ።

ብር ወደ ዶላር ሲቀይሩ ይጠንቀቁ። በሐምሌ 2024 (በአውሮፓውያን) የምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በ2023 የመሩት የ60 ሚሊዮን ብር ብድር በዚያን ጊዜው ምንዛሪ 1.1 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር፤ በ2024 መጨረሻ በነበረው 125 ብር ገደማ ቢያሰሉት ከግማሽ ሚሊዮን በታች ይወርዳል። ሥራው በተሠራበት ዓመት ምንዛሪ ይቀይሩ፤ ዓመቱንም ይጥቀሱ። ደመወዝ ላይም እንደዚሁ። የወር ደመወዝዎ በዶላር ሲታይ ትንሽ መምሰሉ አያሳፍርም፤ አይጨምሩበት።

ለመመዘን አንድ ፈተና አለ። ሲቪውን ውጭ አገር ለሚኖር፣ በሌላ ሙያ ለተሰማራ ሰው ይስጡና ከሁለት ደቂቃ በኋላ መልሰው ይውሰዱ። «ምን ሠራሁ?» ሲሉት ሁለት ነገር በትክክል ከነገረዎት ሲቪው ደርሷል። «ባንክ ትሠራለህ» ብቻ ካለዎት እንደገና ይጻፉ።

ደረጃ 6፦ የድጋፍ ደብዳቤ

አብዛኞቹ ሁለት ይጠይቃሉ፤ ቢያንስ አንዱ ከቅርብ አለቃ እንዲሆን ይፈልጋሉ። እኛ ዘንድ የተለመደው መልስ የታወቀ ነው፦ «አንተው ጽፈህ አምጣልኝ፣ እኔ እፈርማለሁ»። ይህ ለውጭ ትምህርት ቤት ማጭበርበር ነው። ሁለቱ ደብዳቤዎችና የማመልከቻ ድርሰትዎ በአንድ እጅ የተጻፉ መሆናቸው በቋንቋው ይታወቃል። ከተቀበሉ በኋላም አለቃዎን ደውሎ የሚያጣራ ድርጅት ሊቀጠር ይችላል፤ የተቀባይነት ደብዳቤ በዚህ ሊሰረዝ ይችላል።

መፍትሔው አለቃዎን ማገዝ ነው። አንድ ገጽ ማስታወሻ ያዘጋጁ፦ አብረው የሠሩት ሦስት ሥራ፣ ቁጥሮቹ፣ አንድ የተገሠጹበትና የተሻሻሉበት ጉዳይ። ቡና ላይ ቁጭ ብለው ያስታውሷቸው፤ ጥያቄዎቹንም ያሳዩዋቸው። ፎርሙ በኢሜይል በሚላክ ሊንክ የሚሞላ ስለሆነ የመሥሪያ ቤት ኢሜይል ይስጡ። የሚያስቸግረው እንግሊዝኛው ከሆነ፣ ምሳሌ የሞላበት ተራ እንግሊዝኛ ምሳሌ ከሌለው አማላይ ቋንቋ እንደሚበልጥ ይንገሯቸው። ከስምዎ ጋር አንድም ሥራ የማያስታውስ ሚኒስትር ዴኤታ ከሚጽፍልዎ የሚያውቅዎ የቡድን መሪ ይጻፍልዎ። እዚህ አገር የሹም ፊርማ ይከብዳል፤ እዚያ አይሠራም።

ማርክ ይስጡ፦ ሁለቱም ሰዎች ስለ እርስዎ ቁጥር ያለበት ታሪክ በቃል መናገር ከቻሉ ጠንካራ፣ አንዱ ብቻ ከቻለ መካከለኛ፣ ሁለቱም ካልቻሉ በዚህ ዓመት አያመልክቱ።

ደረጃ 7፦ ግብዎ

«ወደ አገሬ ተመልሼ ሥራ ፈጣሪ እሆናለሁ» ሁሉም ይላል። የሚያሳምነው ከገበያው ጋር የተያያዘ ግብ ነው። ቴሌብር በ2021 ጀመረ፤ ሳፋሪኮም በ2022 ገባ፤ በታኅሣሥ 2024 የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅድ ሕግ ጸደቀ፤ በጥር 2025 የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ተከፈተ። እነዚህ ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ከነዚህ ለውጦች አንዱ ከሥራዎ ጋር የሚነካካ ከሆነ ግብዎ መሬት አለው። ራስዎን ይጠይቁ፦ በዚህ ግብ ነገ የሚቀጥረኝ የማን ድርጅት ነው? የሥራ መደቡ ስሙ ምንድን ነው? ኤምቢኤው የሚሞላልኝ የትኛውን ጉድለት ነው? ሦስተኛውን በአንድ ዓረፍተ ነገር መመለስ ካልቻሉ ድርሰቱን አይጀምሩ።

ደረጃ 8፦ ገንዘቡ፣ ሁለተኛው ሚዛን

እዚህ አዲስ ዓምድ ይክፈቱ። በአሜሪካ ታዋቂ ትምህርት ቤት ለአንድ ዓመት፣ ኑሮን ጨምሮ፣ ከ120 ሺህ ዶላር በላይ ሊጠይቅ ይችላል፤ ፕሮግራሙ ሁለት ዓመት ነው። የኦክስፎርድ የአንድ ዓመት ኤምቢኤ ክፍያ ብቻውን ከ80 ሺህ ፓውንድ በላይ ነው። ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት ከጠቅላላው ወጪ ላይ እርግጠኛ የሆነውን ይቀንሱ፤ የቀረውን «ክፍተት» ብለው ይጻፉ።

ክፍተቱን የሚሞሉ ምንጮች እኩል አይደሉም። ሃርቫርድና ስታንፎርድ የሚሰጡት ድጋፍ በችግር መጠን የሚሰላ ነው፤ የውጭ ዜጋም እኩል ይታያል፤ ሙሉውን ግን አይሸፍንም። ስታንፎርድ ለአፍሪካውያን የተለየ ፌሎሺፕ አለው፤ ተቀባዩ ከተመረቀ በሁለት ዓመት ውስጥ ተመልሶ ቢያንስ ሁለት ዓመት አፍሪካ መሥራት አለበት። ኦክስፎርድ በስኮል ስኮላርሺፕ ማኅበራዊ ችግር የሚፈቱ ሥራ ፈጣሪዎችን ይደግፋል። የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ የሆነው ቺቭኒንግ ለኢትዮጵያውያን ክፍት ነው፤ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ሲጨርሱ ሁለት ዓመት አገርዎ መቆየት ግዴታ ነው። ለኤምቢኤ የሚከፍለው ግን ጣሪያ አለው፤ ውድ ትምህርት ቤት ከመረጡ ልዩነቱን ራስዎ ይሞላሉ። ይህን ሳያነብ «ቺቭኒንግ ካገኘሁ አለቀ» የሚል ሰው መስከረም ላይ ይደነግጣል።

ያለ ዋስ ለውጭ ተማሪ የሚያበድሩ ድርጅቶች አሉ፤ በቅድሚያ ግን የእርስዎ ዜግነትም ትምህርት ቤቱም በዝርዝራቸው ውስጥ መኖራቸውን ያረጋግጡ። የማመልከቻ ክፍያ 250 ዶላር አካባቢ ስለሆነ አምስት ቦታ ሲያመለክቱ ይከብዳል፤ ከመክፈልዎ በፊት ከክፍያው ነፃ እንዲያደርጉዎት በኢሜይል ይጠይቁ። ዬል ክፍያውን በገቢ ደረጃ ይለያያል።

አሜሪካ ያሉ፣ በዲቪ ወይም በጥገኝነት የመኖሪያ ፈቃድ ያገኙ ወገኖች ስሌታቸው ሌላ ነው። የፌዴራል ብድር ይፈቀድላቸዋል፤ ነገር ግን ከሐምሌ 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪ ግራድ ፕላስ የተባለው የድኅረ ምረቃ ብድር ቀርቷል፤ ለኤምቢኤ የሚገኘው የፌዴራል ብድር በዓመት 20,500 ዶላር ላይ ይቆማል። የገልፍ አገር ነዋሪዎች ደግሞ ቪዛውን ካሉበት አገር ማመልከት እንደሚችሉ፣ የመኖሪያ ፈቃዳቸውም እስከዚያ እንደሚያገለግል ያረጋግጡ።

ቪዛን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ፦ ከሐምሌ 2025 ወዲህ አሜሪካ ለኢትዮጵያውያን የምትሰጠው የተማሪ ቪዛ ለአንድ ጊዜ መግቢያ፣ ለሦስት ወር የሚያገለግል ሆኗል። ትምህርቱን መጨረስ ይቻላል፤ በመሃል ለገና አገር ቤት መመለስ ግን አዲስ ቪዛ መጠየቅ ማለት ነው። ደንቡ ስለሚቀያየር ከማመልከትዎ በፊት የኤምባሲውን ገጽ ይዩ። ለእንግሊዝ ደግሞ ገንዘቡ በአካውንት ውስጥ ለ28 ተከታታይ ቀናት መቀመጥ አለበት፤ ዘመድ ትናንት ያስገባው ገንዘብ አይቆጠርም።

ደረጃ 9፦ ስሌቱ

ስታንፎርድ ከመቶ አመልካች ከአስር ያነሰ ይቀበላል። «እያንዳንዱ 10 በመቶ ከሆነ አምስት ቦታ ባመለክት 50 በመቶ ነው» የሚል ሒሳብ ይሰማል። መጀመሪያ፣ ሒሳቡ ራሱ ልክ ቢሆን 41 በመቶ ነበር። ዋናው ግን አምስቱ ማመልከቻዎች ዕጣ አይደሉም፤ አንድ ጎደሎ ደብዳቤ ወይም አንድ የደከመ ሲቪ አምስቱም ቦታ አብሮ ይሄዳል። ከብዛት ይልቅ ጎደሎው ክፍል ይታከም።

ከደረጃ 3 እስከ 7 ያሉትን በየትምህርት ቤቱ «ከክልሉ በላይ»፣ «ውስጥ»፣ «በታች» ብለው ይመድቡ። ሁለት «በታች» ያለበትን ትምህርት ቤት እንደ ህልም ይቁጠሩት። ሁሉም «ውስጥ» የሆነበት ሚዛናዊ ነው። ከዚያ በገንዘብ ዓምዱ ያጣሩ፦ ቢቀበሉዎትም መሄድ የማይችሉበት ከሆነ ከዝርዝሩ ይውጣ፤ «ለማንኛውም ልሞክር» የሚለው 250 ዶላርና ሁለት ወር ይበላል። ሁለት ህልም፣ ሁለት ሚዛናዊ፣ አንድ ሙሉ ድጋፍ የሚያስገኝ። ከዚህ በላይ ማመልከት የሚችል ሥራ ላይ ያለ ሰው ጥቂት ነው።

ደረጃ 10፦ ዙሩና ሰዓቱ

ማመልከቻ የሚቀበሉት በዙር ነው፤ የመጀመሪያው ዙር በእንቁጣጣሽ አካባቢ፣ ሁለተኛው በገና አካባቢ ይዘጋል። በሦስተኛው አያመልክቱ፤ ወንበሩም ድጋፉም አልቋል፣ ለቪዛውም ጊዜ አይተርፍም። ድጋፍ ለሚፈልግ ሰው የመጀመሪያው ይመረጣል፤ ደብዳቤው ወይም ፈተናው ካልደረሰ ግን ሁለተኛውን መጠበቅ ይሻላል። የሃርቫርድ ሰዓት በቦስተን እኩለ ቀን ነው፤ ይህ በመስከረም ለእኛ ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ በጥር ከምሽቱ 2 ሰዓት ይሆናል። ኔቱን አምነው እስከዚያ አይቆዩ፤ ሁለት ቀን ቀደም ብለው ይላኩ።

ሳይሳካ ሲቀር መልሱን እንደ ምርመራ ውጤት ያንብቡት። ቃለ መጠይቅ በግብዣ በሚሰጥባቸው ትምህርት ቤቶች ያለ ቃለ መጠይቅ መቅረት ጉድለቱ ወረቀቱ ላይ መሆኑን ያሳያል፦ ውጤት፣ ሲቪ ወይም ደብዳቤ። ከቃለ መጠይቅ በኋላ መቅረት ወረቀቱ በቂ እንደነበር ይናገራል፤ ግቡን በቃል ማስረዳቱ ላይ ይሥሩ። በሚቀጥለው ዓመት ለዚያው ትምህርት ቤት ሲያመለክቱ ባለፈው ዓመት ያልነበረ ምን አዲስ ነገር እንዳለ ይጠይቁዎታል፤ አዲስ ሹመት፣ 40 ነጥብ ያደገ ፈተና ወይም ሌላ ደብዳቤ ጸሐፊ ከሌለዎት ገንዘቡን ያቆዩ።